የኋለኛውን ረድፍ እዩ

ልጆቼ፣

ቤሊ ዳንስ ለመጀመር የምታስቡ ሁሌ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ "የትኛው ስቱዲዮ ይሻላል?" እኔ እናንተ አጠገብ ያለውን ስቱዲዮ አላውቀውም። እንዴት እንደሚመረጥ ግን አውቃለሁ። በማስተማር ፀጉሬ ሸብቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ በመጥፎ ምርጫ ወገቤን ታምሜያለሁ።

ከወገቤ ልጀምር። በሀያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ አንዲት ዳንሰኛ መድረክ ላይ አየሁ። አፌን ከፍቼ ነበር ያየኋት። እንደምታስተምር ስሰማ በማግስቱ ሄጄ የሦስት ወር ከፈልኩ። ክፍል ውስጥ ያደረገችውም መድረክ ላይ የምታደርገውን ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታን ትደንሳለች፣ እኛ ከኋላ እንኮርጃለን። ሰውነት ማሟሟቅ የለ፣ እርማት የለ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ተለጥጠን እንድንታጠፍ ተደረገ። በማግስቱ ከአልጋ የተነሳሁት ግድግዳ ይዤ ነው። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። መደነስ ትችላለች፤ ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው።

ሲሻለኝ ሌላ ቦታ ገባሁ። የዚህችኛዋ ዳንስ ያን ያህል አያስደምምም። ግን ሁለተኛው ቀን ላይ መጨረሻ ረድፍ ድረስ መጥታ እግሬን አየችና "ጉልበትሽን ቆልፈሽዋል፣ ለቀቅ አድርጊው" አለችኝ። ያ እምቢ ያለኝ ዳሌ ወረደ! ብዙዎቹ የዳሌ እንቅስቃሴዎች የሚነሱት ከጉልበት ነው። አንዱ ጉልበት ሲታጠፍ፣ ሌላው ሲዘረጋ ዳሌ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጉልበት ከተቆለፈ ሸክሙ የታችኛው ወገብ ላይ ያርፋል። ይህን ለጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማይነግር አስተማሪ እኔ አላምንም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አስተማሪዋን ብዙ አትዩአት፤ እሷ ማማሯ አይቀርም። መጨረሻ ረድፍ ላይ ግራ ገብቷት የቆመችውን ልጅ እዩ። ማን ይመጣላታል? ምን ይባላታል? ከአንድ ሰዓት በኋላስ ትንሽ ተቃንታለች ወይስ እንደገባች ወጣች? እዚያች ልጅ ቦታ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ወለሉንም ልብ በሉ። እንጨት ሲረገጥ ትንሽ እሺ ይላል፤ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ግን ለጉልበት ምሕረት የለውም። መስታወትም አስፈላጊ ነው፣ ዳሌያችሁ የሚሠራውን ካላያችሁት አታምኑትም።

ስትፈልጉ "ቤሊ ዳንስ" በሚለው ስም ብቻ አትወሰኑ። "ኦሪየንታል" ወይም "ራቅስ ሻርቂ" ብለው የሚያስተምሩም አሉ። ሁለተኛው ዐረብኛ ነው፣ የምሥራቅ ዳንስ ማለት ነው። "ቤሊ ዳንስ"፣ ማለትም "የሆድ ዳንስ" የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ነበር በአሜሪካ በሰፊው የታወቀው። በእኔ ፍርድ አሳሳች ስም ነው፤ ሥራው ይበልጥ ያለው ዳሌ ላይ ነው። ብዙ አስተማሪዎች የራሳቸው ስቱዲዮ የላቸውም፤ ጂም ውስጥ ወይም የባህል ማዕከል ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ነው የሚያስተምሩት። እዚያም ጠይቁ።

"ምን ዓይነት ነው የምታስተምሪው?" ብላችሁ ጠይቁ። የግብፁ ረጋ ያለ፣ ወደ መሬት የተጠጋ ነው። ዛሬ መድረክ ላይ የምናየው መልክ የተቀረጸው በአብዛኛው ካይሮ ውስጥ ነው፤ ዳንሰኛዋ ባዲያ ማሳብኒ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከከፈተችው የምሽት ክበብ እነ ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል የተባሉ ዝነኛ ዳንሰኞች ወጥተዋል። የቱርኩ ፈጠን፣ ፈንጠዝ ይላል። በካሊፎርኒያ የተወለደው ትራይባል የሚባለው ደግሞ በቡድን፣ በምልክት እየተግባቡ የሚደነስ ነው። ለጀማሪ የትኛውም ይሆናል። አስተማሪዋ ግን የምታስተምረውን ማወቅ አለባት፤ ከማን እንደተማረችም ስትጠየቅ መቆጣት የለባትም። "ያው ቤሊ ዳንስ ነዋ" ካለቻችሁ ውጡ።

ሙዚቃውንም ታስተምር እንደሆነ አድምጡ። ባላዲ የሚባለው ምት በሁለት "ዱም"፣ ማለትም በወፍራሙ የከበሮ ድምፅ ይጀምራል፤ መቅሱም የሚባለው ምት በአንድ። ይህን በጭብጨባ እንኳ የሚያሳይ ክፍል ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙው ቦታ ዘፈን ከፍቶ መቁጠር ብቻ ነው።

ስለ ሰውነት የሚነገረውንም ስሙ። "በአንድ ወር ሆድሽን አጠፋልሻለሁ" የሚል ሰው የሚሸጥላችሁ ዳንስ አይደለም። በተማሪ ውፍረት የሚቀለድበት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን አትቆዩ። የወገብ ሕመም ወይም የቀዶ ጥገና ታሪክ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ፤ ለአስተማሪዋም ንገሯት። "ምንም አይልሽም" ብላ ከቀለደች መልሳችሁን አግኝታችኋል። ወንዶች ልጆችም ትጠይቁኛላችሁ። አዎ፣ ትማራላችሁ፤ ግን ለሴቶች ብቻ የሆኑ ክፍሎች ስላሉ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቪዲዮ እየቀረጹ የሚለጥፉ ከሆነም ቀድማችሁ እወቁ።

ልብስ? ዳሌና ጉልበት የሚታይበት፣ የሚለጠጥ ነገር ይበቃል። ዳሌ ላይ አንድ ሻሽ እሰሩ። ሳንቲም የተንጠለጠለበት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሺሚ የሚባለውን ፈጣን የዳሌ መንቀጥቀጥ ስትሠሩ ድምፁ ከተቆራረጠ እንቅስቃሴያችሁም እየተቆራረጠ ነው። የመድረክ ልብስ ግን አሁን አትግዙ። እኔ ገዝቼ ሦስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እና ቅርብ የሆነውን ምረጡ። ጎበዝ የተባለችው አስተማሪ ሁለት ትራንስፖርት ማዶ ከሆነች በሰባተኛው ሳምንት መቅረት ትጀምራላችሁ። ተማሪዎቼን አይቻለሁ።

አንዳንድ ቤት ቁጭ ብሎ ማየት አይፈቅድም። ተማሪዎቹ እንዳይሸማቀቁ ነው፤ አልቀየማቸውም። እንደዚያ ከሆነ የአንድ ቀን ብቻ ከፍላችሁ ግቡ። ከኋላ ቁሙ። አስተማሪዋ ወደ እናንተ ትመጣለች ወይስ አትመጣም፣ ጠብቋት።