የታዳጊ ኳስ ጥያቄና መልስ፦ ቤንች፣ ጉልበት፣ ዕድሜና ሌላም

አሠልጣኙ፦ እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር ላይ ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ስለ ልጆቻችሁ ኳስ ጠይቁኝ። ስለ አርሰናል አትጠይቁኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ልጅ ጉልበቴን አመመኝ ካለ ያርፋል። አይታሽም፣ "ወንድ አይደለህ እንዴ" አይባልም።

አባት ከቡሬ፦ ኮች፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ማሠልጠኛ) ገብቶ ሁሌ ቤንች ላይ ነው። ከገባም ኳስ ሳይነካ ይወጣል። አሠልጣኙ "ገና ነው፣ ይጠንክር" ይለኛል።

አሠልጣኙ፦ ስንት ለስንት ነው የሚጫወቱት?

አባት ከቡሬ፦ 11 ለ11። በትልቁ ሜዳ።

አሠልጣኙ፦ ይኸውልህ! ሁሌ የምጮህበት ነገር። 22 ሕፃን፣ አንድ ኳስ፣ የአዋቂ ሜዳ። ጎሉ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። የ9 ዓመት በረኛ ዘሎም አግዳሚውን አይነካም። ስለዚህ ከፍ አድርጎ የመታ ሁሉ ያገባል። አሠልጣኙም ማሸነፍ ይፈልጋል፣ ረጅም የሚመታውን፣ ቀድሞ ያደገውን ልጅ ይመርጣል። ያንተ ልጅ ቤንች ላይ የተቀመጠው ኳስ ስለማይችል ላይሆን ይችላል። ገና ስላልረዘመ ነው።

አራት ለአራት አጫውቷቸው። ጠባብ ሜዳ፣ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለጎል፣ በረኛም አያስፈልግም። ያኔ የሚደበቅ ልጅ የለም። ኳሱም 4 ቁጥር ይሁን፤ ክብደቱ ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። 5 ቁጥር ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፣ እሱ የትልልቆቹ ነው። ከ8 ዓመት በታች ላሉት 3 ቁጥር ይበቃል።

ኮንትሮሉንም ቤት አለማምደው። ኳስ ሲመጣለት እግሩን እንደ ግድግዳ ገትሮ ከጠበቀ ኳሱ ነጥሮ ይሄድበታል። ቁርጭምጭሚቱን ላላ አድርጎ፣ ኳሱ ሲነካው እግሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያድርግ። አጠገቡ ትቀርለታለች። በቀኝም በግራም። በጨርቅ ኳስም ይሆናል፤ አብዶ የሚችል ልጅ የሚወጣው ከጠባብ ሰፈር ነው።

አባት ከሞጣ፦ ልጄ በጣም ጎበዝ ነው። እንዴት ትልቅ ተጫዋች ይሆናል?

አሠልጣኙ፦ ዕድሜው? የሚጫወትበት ቦታ? በየትኛው እግሩ ነው የሚመታው?

አባት ከሞጣ፦ ብቻ ጎበዝ ነው።

አሠልጣኙ፦ እግዜር ያሳድገው። ቀጥሎ።

የስፖርት መምህር ከፍኖተ ሰላም፦ በእጅ ውርወራ ኦፍሳይድ አለ ወይ? ወላጆች ዳኛውን ሊደበድቡብኝ ነበር።

አሠልጣኙ፦ የለም። በእጅ ውርወራ የለም፣ በማዕዘን ምት የለም፣ በመልስ ምት የለም። ዳኛውን ይቅርታ ጠይቁት።

የስፖርት መምህር ከፍኖተ ሰላም፦ ከዳር ሆነው "ምታው! ምታው!" የሚሉትንስ ምን ላድርጋቸው?

አሠልጣኙ፦ ከመስመሩ አርቃቸው። ልጁ ኳሱ እግሩ ሥር ሳለ ቀና ብሎ አባቱን ያያል። ሲመለስ ኳሷ የለችም። ከዚያ ያው አባት "ምን ነካህ?" ብሎ ይጮህበታል።

እናት ከደብረ ማርቆስ፦ የኔ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ከጉልበቱ ሎሚ በታች አብጦ ያመዋል። ወጌሻ ሁለቴ አሸው፣ ባሰበት።

አሠልጣኙ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? አይታሽም! በቁጣ አይደለም፣ ይህን ስል ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ያድጋል። የጭኑ ጡንቻ በጅማቱ በኩል የቅልጥሙን አጥንት ጫፍ ይስበዋል። ሩጫና ዝላይ ሲበዛ እዚያው ላይ ይቆጣል። ሩጫና ዝላይ ያቁም፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙለት። ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ወድቆ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ይየው።

የዳንግላው፦ እኛ በባዶ እግራችን ጠጠር ላይ ተጫውተን አደግን፣ ምን ሆንን? ልጆቹን አሞላቀቃችኋቸው።

ከአሜሪካ፦ የዳንግላው፣ እዚህ የእህቴ ልጅ ቤዝቦል ይጫወታል። ኳስ ወርውረው በዱላ የሚመቱት ጨዋታ ነው። ሊትል ሊግ በሚባለው ውድድር የ10 ዓመት ልጅ ለመቺው በቀን ከ75 ጊዜ በላይ እንዲወረውር አይፈቀድለትም። 66 ከደረሰ አራት ቀን ሳይወረውር ያርፋል። ክርኑና ትከሻው እንዳይጎዳ ነው። ችግሩ ልጁ ሁለት ቡድን ውስጥ አለ፣ አንዱ የሌላውን አይቆጥርም።

የዳንግላው፦ አሜሪካ ሞልቶላት ትቆጥራለች።

አሠልጣኙ፦ ቤዝቦል አላውቅም። መቁጠሩ ግን ደስ አለኝ። እኛ ጋ አንዱ ልጅ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ፣ ከሰዓት ለፕሮጀክቱ፣ እሑድ ለሰፈሩ ይሮጣል። ማን ይቆጥርለታል? ለመቁጠር ደግሞ ብር አያስፈልግም፣ ሦስቱ አሠልጣኞች ይደዋወሉ። የዳንግላው፣ ጉልበቱ ሄዶ ኳስ ያቆመውን አብሮ አደግህን እዚህ ስለሌለ ነው የረሳኸው።

የማርቆሱ፦ ይልቅ ስለ ዕድሜ እናውራ። ባለፈው ከባሕር ዳር የመጣው "ከ13 ዓመት በታች" ቡድን ውስጥ አንዱ ጢሙን ተላጭቶ ነው የገባው።

የባሕር ዳሩ፦ የእናንተ አምበልስ? ሚስቱ አይደለች እንዴ ውኃ የምታቀብለው?

የማርቆሱ፦ እህቱ ናት!

አሠልጣኙ፦ በቃ! ሁለታችሁም ዕድሜ ትቀንሳላችሁ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሳል። የአጥንቱ እድገት ይታያል፣ ወረቀት አይረዳም። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ትንንሾቹን በጉልበት ስለሚያልፍ ኳስ ሳይማር ያድጋል። እኩዮቹ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። የተገፋውም ትንሹ ልጅ ተስፋ ቆርጦ ቀርቷል።

እናት ከእንጅባራ፦ ሴት ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ከወንዶች ጋር ትጫወት?

አሠልጣኙ፦ ትጫወት። በዚህ ዕድሜ የጉልበት ልዩነቱ ትንሽ ነው። ታኬታው ልኳ ይሁን፣ የወንድሟን አታልብሻት።

የዳንግላው፦ ቴስታስ? ወይስ እሱም ተከለከለ?

አሠልጣኙ፦ እያሾፍክ ነው፣ ግን አዎ። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በልምምድ ቴስታ አይሰጥ ብሎ መመሪያ አውጥቷል። እኔም አላስመታም።

አባት ከደጀን፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ነገ ግን የዋንጫ ጨዋታ አለ፣ ትንሽ ቢታሽ…

አሠልጣኙ፦ አባቴ፣ ከላይ ያለውን አንብበውታል? አይጫወትም። አይታሽም።

አባት ከደጀን፦ ግማሹን ብቻ?

አሠልጣኙ፦ ግማሹንም አይጫወትም። የአሠልጣኙን ስልክ በውስጥ ይላኩልኝ፣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።