የቀድሞ እጮኛዬን ዕቃ ላቃጥለው ወይስ ልመልስለት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሠርጋችን ሳይደርስ ተለያየን። በርኖሱ፣ የትምህርት ማስረጃው ያለበት ፋይልና መዝሙረ ዳዊቱ እኔ ዘንድ ቀርተዋል። እሱ የሰጠኝ ነጠላና የብር መስቀልም አለ፤ የምጠቀምበት ሲም ካርድም በእሱ ስም የወጣ ነው። ጎረቤቶቼ «የሰው ዕቃ መንፈስ ይይዛል፤ አቃጥዪው ወይም ጻድቃኔ ማርያም ወስደሽ ጠበሉ ጋ ጣዪው፤ አለዚያ ሌላ ትዳር አይቀናሽም» ይሉኛል። ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስለ ንስሐው የንስሐ አባትሽ አሉ፤ ወደዚያ አልገባም። ጎረቤቶችሽ ያሉት ግን ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ ደጋግሜ የሰማሁት ነው፤ ብዙ ሰው ከኀዘን ላይ ፍርሃት እንዲጨምር አድርጎታል።

በርኖስ የመንዝ እናቶች የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው የበግ ጠጉር ነው። ሰው ስለተጣላ ጠጉሩ አይረክስም። ሐዋርያው እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው ያለው (1ኛ ጢሞ. 4፥4) የተጣሉንን ሰዎች ዕቃ ለይቶ በማስቀረት አይደለም። ትዳርሽን የሚሰጥሽ እግዚአብሔር ነው፤ በርኖስ ሊከለክለው አይችልም።

«አቃጥዪው» የሚሉት ብዙ ጊዜ የኤፌሶንን ታሪክ ያነሣሉ (ሐዋ. 19፥19)። እስቲ ጥቅሱን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የተቃጠለው የአስማት መጽሐፍ ነው፤ ያቃጠሉትም ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ዋጋው ቢታሰብ አምሳ ሺህ ብር ሆነ፤ ኪሳራው የራሳቸው ነበር። አንቺ ጋ ያለው አስማት አይደለም፤ በርኖሱም ያንቺ አይደለም። የሰው ንብረት ማቃጠል በደል ነው፤ መንፈሳዊ ስም ስለሰጡት ደግሞ አይቀልም። ከዕቃው መካከል በእርግጥ ከጠንቋይ የመጣ ክታብ ካገኘሽ ፈትተሽ አትመርምሪው፤ ለካህን ስጪ።

ጠበሉ ጋ መጣልም እንዲሁ ነው። ጻድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሰው ፈውስ ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ የሸሸነውን ዕቃ የምናራግፍበት አይደለም። መጠመቅ ከፈለግሽ በእምነት ሄደሽ ተጠመቂ፤ ዕቃው ቤትሽ መኖሩ አያግድሽም።

ለቤተ ክርስቲያን ልስጠው ማለትሽ ከቅን ልብ ነው፤ ግን አሁን አይሆንም። ዳዊት ከኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ውሰድ ሲባል እምቢ ብሎ በአምሳ ሰቅል ብር ገዛቸው፤ ዋጋ ያልከፈለበትን ለእግዚአብሔር ማቅረብ አልወደደም (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። ያንቺ ያልሆነውን አንቺ ልትመጸውቺው አትችዪም። ባለቤቱ «አልፈልገውም፣ ለድሃ ስጪው» ካለ ያኔ ስጪ።

እንግዲህ ዕቃውን ለዪው። እሱ ትቶት የሄደው ሁሉ አደራ ነው፤ ይመለሳል። ሕጉ የጠላትህ በሬ ጠፍቶ ብታገኘው እንኳ መልስለት ይላል (ዘፀ. 23፥4)። ከሁሉ በፊት የትምህርት ማስረጃው ይድረሰው፤ ሥራ ሊያመልጠው ይችላል። ነጠላውና መስቀሉ ግን ወዶ የሰጠሽ ስጦታ ናቸውና ያንቺ ናቸው፤ ማስቀመጡ ኃጢአት የለበትም፣ ማየቱ ካስጨነቀሽም ለሌላ መስጠት ትችያለሽ። መስቀሉን በንዴት አትጣዪ፤ ማተብሽንም አትበጥሺ፤ ማተብ የጥምቀትሽ ምልክት እንጂ የእሱ ማስታወሻ አይደለም። በሽምግልና የመጣ ጥሎሽ ካለ ግን ብቻሽን አትወስኚበት፤ የላኩትና የተቀበሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይነጋገሩበት። (ይህን የምለው ለታጩ ሰዎች ነው። ጋብቻ ተፈጽሞ ከሆነ የጋራ ንብረት ክፍፍል ስላለ መንገዱ ሌላ ነው።)

በርኖሱን እንደ ቆሸሸ አትላኪው። በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ አድርገሽ እጠቢ፤ ሙቅ ውኃና ብርቱ ማሸት ጠጉሩን ያኮማትረዋል። ሳትጠመዝዢ ውኃውን ጨምቀሽ ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። በደንብ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል፤ ቆሽሾ ከተቀመጠ ደግሞ ብል ይበላዋል። ከዚያ የዕቃውን ዝርዝር በሁለት ወረቀት ጻፊ፤ ማስረጃዎቹን በስማቸው አንድ በአንድ። አንዱን ከዕቃው ጋር ላኪ፣ በሌላው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። «ይህ ቀርቷል» የሚል ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ወረቀት ስላልነበረ ነው።

ሲም ካርዱን ዝም ብለሽ አትመልሺ። የባንክ ሒሳብሽና ቴሌብርሽ በዚያ ቁጥር ከሆኑ መጀመሪያ በራስሽ ስም ሲም አውጥተሽ ወደ አዲሱ ቁጥርሽ አዛውሪያቸው፤ የቴሌግራምሽንም ቁጥር ቀይሪ። ይህ ሳይሆን ከመለስሽ የማረጋገጫ መልእክትሽ ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። ስልክሽ ላይ ያሉትን የእሱን ፎቶና መልእክቶች አጥፊያቸው፤ ለጓደኛም አታሳዪ። የሰውን ምስጢር መበተን ከበርኖስ ማቃጠል የከፋ ነው።

አሁን ደግሞ ጠንከር ብዬ የምነግርሽ አለ። ዕቃውን ራስሽ ይዘሽ ቤቱ አትሂጂ። «ዕቃ ላድርስ» ብለው ሄደው ወደ ተዉት ነገር የተመለሱ፣ አለዚያም ተሰድበው የመጡ ብዙዎች ናቸው። እኅቱ፣ እናቱ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወይም የንስሐ አባትሽ ያድርሱልሽ። «ዕቃህ በዚህ ሰው በኩል ይደርስሃል» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል፤ ወቀሳም ናፍቆትም አታክዪበት። አልቀበልም ካለ ለወላጆቹ ይሰጥ። እነሱም እምቢ ካሉ በሽማግሌዎቹ ፊት ዝርዝሩን አስፈርመሽ እነሱ ዘንድ አስቀምጪው፤ ከዚያ በኋላ ያንቺ አደራ አይደለም።