የቆላው አቧራ ዝናቡን ያመጣዋል ወይስ ያባርረዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ከአፋር በኩል አቧራ ሲነሳ አባቴ «ይሄ ዝናቡን ያባርረዋል» ይላል። ፊዚክስ የሚማረው ወንድሜ ደግሞ «ያለ አቧራ ዝናብ የለም» ብሎ ይሞግተዋል። የማንን ልመን? ኮምፒውተርስ ይህን አስልቶ መናገር ያቅተዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ ወንድምሽ ስለ አጀማመሩ ልክ ነው። የውሃ ተን ጠብታ ለመሆን የሚያርፍበት ቅንጣት ይፈልጋል። አቧራም፣ ጭስም፣ የባሕር ጨውም ይሆነዋል።

ትልቁ ነገር ያለው ግን ከፍ ብሎ ሰማዩ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ወለል 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጦሳ ተራራ በላይ የሚቆለለው የክረምት ደመና አናቱ ከዜሮ በታች ነው። ታዲያ ውሃው ወዲያው በረዶ አይሆንም! ንጹሕ ጠብታ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቀድሞ በረዶ እንዲሆን የሚያስጀምረው ቅንጣት ያስፈልገዋል፣ ይህን ደግሞ ሁሉም አቧራ አይችለውም። ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ያለበት አቧራ ጎበዝ ነው፤ ቅጠል ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ይበልጡታል። አንዴ በረዶ ከተፈጠረ በዙሪያው ያሉት ጠብታዎች ይተንናሉ፣ ተኑም በረዶው ላይ እየተጋገረ ያሳድገዋል፣ ከብዶ ይወርዳል፣ መንገድ ላይ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር ይህን ሐሳብ ያነሳው በ1911 ነው (በፈረንጆቹ)።

አባትሽም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ቅንጣቱ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹ ደቃቅ ሆነው መዋሐድ ያቅታቸዋል፣ ዝናቡም ይዘገያል። ግን ደግሞ አቧራ የሚነሳው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነውና ዝናቡን የከለከለው ራሱ ድርቀቱ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩን የሚፈትነው ይሄ ሁሉ መደራረቡ ነው። የአየር ንብረት ሞዴል ሰማዩን በሳጥን ይከፋፍላል፤ የአንዱ ሳጥን ጎን ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደሴና ወልድያ አንድ ሳጥን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ውስጡ ያለው ደመና በቀመር ይገመታል እንጂ አይታይም። በዚያ ላይ በረዶ አስጀማሪዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከሚሊዮን ቅንጣት አንዱ ቢገኝ ነው። ከዜሮ በታች ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ደግሞ በረዶው ራሱ እየተሰባበረ ይራባል፣ ስለዚህ ቅንጣት ቆጥሮ በረዶ መገመት አይቻልም። እዚህ ላይ ስሌቱ ከሳተ ጉዳቱ ለዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃ የበዛበት ደመና የፀሐይን ብርሃን በረዶ ከበዛበት ይበልጥ ስለሚመልስ የዓለም ሙቀት ትንበያም አብሮ ይሳታል።

እኔ የምመኘው የእኛው አቧራ እዚሁ ወሎ ደጋ ላይ ተሰብስቦ ምን ማዕድን እንዳለበት፣ በስንት ዲግሪ በረዶ እንደሚያስጀምር ተለክቶ ሞዴሎቹ ውስጥ እንዲገባ ነው። ወንድምሽ የመመረቂያ ርዕስ እየፈለገ ከሆነ ይህን ያስብበት።