ማበጠሪያው ከአልጋው ሲበልጥ

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ላይ 48 የሦስተኛ ክፍል ልጆች ይዘሽ፣ ያንን ትልቅ ማበጠሪያ አልጋ ላይ የቆመበትን፣ ሳሙና፣ ብርጭቆና የክብሪት እንጨትም መኝታ ክፍሉ ውስጥ ገዝፈው የሚታዩበትን የሠዓሊው የረኔ ማግሪት ሥዕል ስታሳያቸው ስቀው ዝም እንዳሉ፣ «ምን ማለት ነው?» ስትያቸውም አንድ እጅ እንዳልወጣ ጽፈሻል። ልጆቹ አላጠፉም፣ ሥዕሉም አልከበዳቸውም። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ይህ ሥዕል ልጁን የሚይዘው ዕቃውን አስቀድሞ በእጁ አገላብጦ ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ከሠዓሊውም፣ የአሣሣል ስልቱ ከሚጠራበት «ሱሪያሊዝም» ከሚለው ቃልም አትጀምሪ። ከማበጠሪያው ጀምሪ።

በዋዜማው ከየቤታቸው ማበጠሪያ፣ ቁራጭ ሳሙናና ሲኒ እንዲያመጡ ንገሪያቸው። ክብሪቱን ግን አንቺው ያዢ፤ ቀፎውን ቤት ትተሽ እንጨቶቹን ብቻ። ስድስት ስድስት ሆነው ይቀመጡና የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለእንቆቅልሽ ስጪ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «ጥርስ አላት፣ አትበላም።» ያቃተው «ሀገር ስጠኝ» ይባልና ኮምቦልቻን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ፊቱ ስላለው ዕቃ የራሱን እንቆቅልሽ ያውጣ። ይህን ክፍል እንደ ማሟሟቂያ አትዪው፤ ዋናው በር እሱ ነው። እንቆቅልሽ የለመድነውን ዕቃ እንግዳ አድርጎ ይመልስልናል፣ ማግሪትም በቀለም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የሥዕሉ ኅትመት ላይ አትሳሺ። አንድ ኤ3 ወረቀት ሰሌዳ ላይ ብትለጥፊ ከኋላ ያሉት ሥዕሉ ውስጥ ወለሉ ላይ ያለውን የክብሪት እንጨት አያዩትም። ለየቡድኑ አንድ ባለቀለም ኤ4፣ በድምሩ 8 ቅጂ ይበቃል። የሚያብለጨልጭ የፎቶ ወረቀት የመስኮቱን ብርሃን ስለሚመልስ ተራው ወረቀት ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትመሽ ግድግዳውን እዪ፦ ሥዕሉ ውስጥ ያለው ክፍል ግድግዳ ደመና የጣለበት ሰማይ ነው። የማተሚያው ሰማያዊ ቀለም ካለቀ ሰማዩ ግራጫ ይወጣና ልጆቹ ቀለሙ የለቀቀ ግድግዳ ነው ይሉሻል፤ ግማሹ ነገር እዚያው ጠፋ ማለት ነው። ርዕሱንም ከወረቀቱ ቁረጪው። «የግል እሴቶች» የሚለውን ካነበቡ ታማኝነት፣ መከባበር እያሉ የግብረገብ ትምህርታቸውን ይደረድሩልሻል እንጂ ሥዕሉን አያዩም።

ወረቀቱ ሲታደል አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይዩ። ከዚያ «ምን ምን አያችሁ?» በይና የሚሉትን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፦ ብርጭቆ፣ ሳሙና፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተጋደመ የጺም ብሩሽ። ብርጭቆው ባዶ ነው፣ «እግር ያለው ብርጭቆ» ካሉት ይበቃል። ቀጥሎ ረጅም ጊዜ የምትሰጪው ጥያቄ ይመጣል፦ «ዕቃዎቹ ናቸው ያደጉት ወይስ ክፍሉ ነው ያነሰው?» አልጋውን አይቶ ማበጠሪያው አደገ የሚል ይኖራል፤ ማበጠሪያውን አይቶ አልጋው የአሻንጉሊት ነው የሚልም ይኖራል። ሁለቱም ያስኬዳል፣ ሥዕሉ ራሱ አይፈርድም፣ አንቺም አትፍረጂ። «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» ብቻ በያቸው። ክርክሩ ሲቀዘቅዝ «እዚህ ቤት ብታድሩ የት ትተኛላችሁ?» ብለሽ አስነሺው። ግድግዳው ግራ ካጋባቸው ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው አስታውሻቸው፤ ያ ጉም ቤት ቢገባስ?

«የጂን ቤት ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። አትቆጪው፣ ሌሎቹም እንዳይስቁበት። «የቱን አይተህ?» ስትይው ወደ ዕቃዎቹ ይመለሳል። «አስጠላኝ» ማለትም መልስ ነው። የማግሪትን ሥዕሎች ኒው ዮርክ ላይ ይሸጥ የነበረው አሌክሳንደር ኢዮላስ እንኳ ይህ ሥዕል እንዳሳመመው ለሠዓሊው ጽፎለታል።

ወደ መሳል ስትገቡ (12 ደቂቃ ያዢለት) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ልጁ ገጹን ሙሉ ሲኒ ይስላል፣ አጠገቡ ምንም የለም። ያ ትልቅ ሲኒ አይደለም፣ ከቅርብ የታየ ሲኒ ነው፤ ትልቅነት የሚታወቀው ከሌላ ነገር ጋር ሲለካ ነውና። ስለዚህ አስቀድመው 6 ሴንቲ ሜትር በርና 4 ሴንቲ ሜትር አልጋ ይሳሉ፣ ሲኒው ወይም ጀበናው ከወለል እስከ ጣሪያ በኋላ ይግባ። ዕቃው አየር ላይ ከተንሳፈፈ የወለሉን መስመር አሰምሪያቸው፣ ጥላውንም በአንድ ወገን በእርሳስ ያጥቁሩት። ዓይንና አፍ የሚያደርጉለትን በጊዜ ያዣቸው፣ ተረት ይሆንባቸዋል። ማግሪት ማበጠሪያውን ጥርስ በጥርስ፣ እንደነበረ ነው የሣለው። እንግዳነቱ የመጣውም ከዚህ ነው፤ ዕቃው ቢለወጥማ ማን ይደነቃል?

ሠዓሊው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቤልጅየማዊ ነው (1898–1967)፤ በወጣትነቱ በግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ንድፍ ይሠራ ነበር፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወደ ሰማዩ ግድግዳ ይመለሳሉ። ሥዕሉን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፣ አሁን ሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ወርዱ 100፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልኩን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ አስምሪላቸው። ሱሪያሊዝምን «እንደ ሕልም፣ የምናውቀውን ነገር ካልለመድነው ጋር የሚያገናኝ አሣሣል» ብትያቸው ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው።

ደወሉ ከቀደመሽ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ለሌላ ቀን አሳድሪው። የትልቅና የትንሹን ክርክር ግን ከመሃል እንዳታቋርጪው።