የተሰበረው ብርጭቆ መልእክት አለውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። «እግዚአብሔር በየዕለቱ ኑሯችን ያስተምረናል» የሚል ስብከት ከሰማሁ ወዲህ፣ ማታ ማታ በዕለቱ የገጠመኝንና የተማርኩትን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ብርጭቆ ሲሰበር፣ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ፣ ክፉ ሕልም ሳይ «ምን ሊለኝ ይሆን?» እያልኩ እጨነቃለሁ። ምንም ያልታየኝ ቀን እግዚአብሔር የተወኝ ይመስለኛል። በቅርቡ ደግሞ ክፉ ቃል ተናግራኝ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ አደጋ ደርሶባት እግሯ ሲሰበር «እግዚአብሔር ትምህርት ሰጣት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ጌዴዎንስ ምልክት ጠይቆ የለም? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ደብተርሽን አትጣይው። ልብሽ አለማረፉም ለመልካም ነው፤ ኅሊናሽ ገና ይናገርሻልና። ስለ ጾምሽ፣ ስለ ጸሎትሽና ስለ ቅዳሴሽ አሁን አላነሣም፤ ከጥያቄሽ እንደማየው በዚያ በኩል ትጋት አላጣሽም። ልናገርሽ የምፈልገው ብዙ ምእመናን ሲሳሳቱበት ስላየሁት አንድ ነገር ነው። ከኑሮ መማርና በኑሮ ላይ ምልኪ ማየት ተቀላቅለውብሻል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በሰነፍ ሰው እርሻ አጠገብ ሲያልፍ ያየውን አስታውሺ (ምሳ. 24፥30-34)። እሾህ በቅሎበታል፣ የድንጋዩ ቅጥር ፈርሷል። ጠቢቡ አይቶ አሰበ፣ ተግሣጽንም ተቀበለ። የተማረው ምን ነበር? ጥቂት መተኛት፣ ጥቂት ማንቀላፋት ድህነትን እንደሚያመጣ ነው። እርሻው ስለ ነገው ዕጣ ፈንታው የነገረው ምስጢር የለም። የሚያስፈራራውም አልነበረም። ማንም ሊያየው የሚችለውን እውነት አይቶ ወደ ራሱ እጅና እግር መለሰው። ታካቹን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን የላከውም (ምሳ. 6፥6) እንዲሁ ነው፤ ጉንዳኗ በስተቀኝ ሄደች ወይስ በስተግራ ብሎ እንዲተረጉም ሳይሆን ተነሥቶ እንዲሠራ። ጌታችንም ስለ ዘሪው፣ ስለ እርሾው፣ ስለ መረቡና ስለ ጠፋው ድሪም ሲያስተምር ሁሉ የሚያውቀውን ሥራ ነው ያነሣው።

ምልኪ ግን ሌላ መንገድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት ጭራሮ ሲያከማች እፉኝት እጁን ነደፈችው (ሐዋ. 28፥3-6)። ያዩት ሰዎች ወዲያው «ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉ። ቆይተው ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ ደግሞ «አምላክ ነው» አሉ። እፉኝቷ አንዲት፣ እጁም አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት፤ ሁለቱም ሐሰት! ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም፤ እሳት አንድደው በርኅራኄ የተቀበሏቸው እነርሱ ናቸው። የተሳሳቱት በዓይናቸው ያዩትን ክስተት ብቻውን እንደ እግዚአብሔር ቃል ስለቆጠሩት ነው። የተሰበረውን ብርጭቆሽን ብትጠይቂው ዛሬ ተግሣጽ፣ ነገ የምሥራች ይሆንልሻል፤ እንደ ስሜትሽ ነውና የሚናገረው። ብርጭቆው ከእጅሽ አምልጦ ተሰበረ። ስብርባሪውን አንሺ፤ ተቆጥተሽ ሰው ላይ ጮኸሽ ከሆነ ይቅርታ ጠይቂ። የዚያ ቀን ትምህርት ይኸው ነው፤ ከዚያ በላይ አትቆፍሪ።

እግዚአብሔር የተወሽ የመሰለሽም ከዚሁ የተነሣ ነው። በአባቱ ቤት የሚኖር ልጅ በር በተንኳኳ ቁጥር «አባቴ ተቆጥቶኝ ይሆን?» እያለ አይባንንም። በጥምቀት ልጁ ሆነሻል፤ ወንጌሉ ይነበብልሻል፤ ሥጋውና ደሙ ቀርቦልሻል። ታዲያ ዝም አለኝ የምትዪው የትኛውን እግዚአብሔርን ነው?

ስለ ጌዴዎን ጠይቀሻል። ብዙዎች ለምልክት ያኖረውን የበግ ፀጉር ያነሣሉ፣ ከፀጉሩ በፊት ያለውን ግን አያነቡም። እግዚአብሔር «ሂድ» ብሎ አስቀድሞ በግልጽ ተናግሮታል (መሳ. 6፥14-16)። ፀጉሩን ያሰናዳው (6፥36-40) የሰማውን ቃል ለማመን ስለ ደከመ ነበር፤ ሁለተኛውን ምልክት ሲለምንም «አትቆጣኝ» እያለ ነው። እግዚአብሔር ድካሙን ታገሠ። የተታገሠውን ድካም ሥርዓት አናድርገው።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገርሻለሁ። የጻፍሽው ኃጢአት ነው። ጌታ ስለ ሰሊሆም ግንብ የተናገረውን አንብቢ (ሉቃ. 13፥4-5)። 18 ሰዎች ግንብ ወድቆባቸው ሞተዋል፤ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩን? አይደለም ይላል። ቀጥሎም ንስሓ እንዲገቡ የሚጠራው ቆመው የሚሰሙትን ነው። አደጋው ትምህርት ካለው ትምህርቱ ለአንቺ ንስሓ ነው፤ በእርሷ ላይ ፍርድ መስጠት አልተፈቀደልሽም። የኢዮብን ወዳጆች ተመልከቺ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ (ኢዮ. 2፥13) ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው «ይህ የደረሰብህ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው» ማለት ሲጀምሩ ግን ቁስሉ ላይ ቁስል ጨመሩ። በመጨረሻም እግዚአብሔር በእነርሱ ላይ ነው የተቆጣው (42፥7)። ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ መስሏቸው ነበር!

ደግሞም ሰው ወድቆ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ ምን እማራለሁ?» ሊሆን አይገባም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት እንደሠራ ጠየቁ (ዮሐ. 9፥2)። ጌታ ጥያቄውን ዘግቶ ሰውየውን ፈወሰው። የሌላው ሥቃይ የእኔ መንፈሳዊ ደብተር ማሟያ አይደለም። ይህ ፈተና ደግሞ በቸልተኞች ላይ ሳይሆን እንደ አንቺ ባሉ ትጉሃን ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገርሽ።

ታዲያ እንዴት ትቀጥዪ? ስለ ቅዱስ እንጦንስ የሚነገር አለ፤ አንድ ፈላስፋ ያለ መጻሕፍት እንዴት እንደሚኖር ሲጠይቀው «መጽሐፌ ፍጥረት ነው» ብሎ መለሰለት። ነገር ግን ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ እንጦንስ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነበቡ አጥብቆ ከመስማቱ የተነሣ ልቡ መጽሐፍ ሆኖለት እንደነበር ይመሰክራል። ፍጥረትን ማንበብ የቻለው ቃሉ አስቀድሞ በልቡ ስለነበረ ነው። አንቺም በጠዋት ከወንጌል ጥቂት አንብቢና ቀኑን በዚያ ቃል ተመልከቺው። ማታ የምትጽፊው ስለ ራስሽ ብቻ ይሁን፤ ያመሰገንሽበት፣ የበደልሽው፣ ነገ የምታስተካክዪው። የምትጽፊው ነገር ካጣሽ አመስግነሽ ተኚ። ያልገባሽን ነገር በዚያው ሌሊት ለመፍታት አትቸኩዪ፤ እመቤታችንም እረኞቹ የነገሩአትን በልቧ እያሰበች ትጠብቀው ነበር (ሉቃ. 2፥19)።

ስለ ባልደረባሽ የጻፍሽውን ለንስሓ አባትሽ ተናገሪ። ከዚያም ሄደሽ ጠይቂያት። ስለ አደጋው ምንም ትርጉም አትንገሪያት፤ የሚያግዛት ሰው እንዳላት ጠይቀሽ የጎደለውን ሙዪላት። ክፉ ቃሏን እርሷ ካላነሣችው አንቺ አታንሺው።