የመረጥነውን ሰው ምክር ቤቱ አልቀበልም ቢልስ?

ጥያቄ፦ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ነው። ዜግነት ካገኘች ወዲህ «የግዛታችንን ምክር ቤት አባል ልመርጥ ነው» ትለኛለች። ይሄ ከዋሽንግተኑ ኮንግረስ በምን ይለያል? ደግሞስ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ምክር ቤቱ «አንፈልግህም» ሊለው ይችላል?

መልስ፦ ሁለተኛዋን ጥያቄዎን ወድጃታለሁ፤ ከእሷ ልጀምር። ነገሩ እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ደርሷል። ሰውየው ጁሊያን ቦንድ ይባላል።

ቦንድ በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ናሽቪል ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጁ ግን አትላንታ ውስጥ ኮሌጁን አቋርጦ የጥቁሮች መብት ትግል ውስጥ ገባ። «ስኒክ» የሚባለው የተማሪዎች ኮሚቴ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ። በ1965፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ለጆርጂያ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ።

ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጣጣው መጣ። በጥር 1966 ስኒክ የቬትናምን ጦርነት የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ። ጋዜጠኛ ቦንድን «ትስማማበታለህ?» ብሎ ጠየቀው። «አዎ» አለ። በቃ! አባላቱ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እሱ ገለል እንዲል ተደረገ። ከዚያ በ184 ለ12 ድምፅ ወንበሩን ከለከሉት። ምክር ቤቱ እኮ ስለ ቬትናም የመወሰን ቅንጣት ሥልጣን አልነበረውም።

የማሟያ ምርጫ ተጠራ። ሕዝቡ ያንኑ ቦንድን መረጠ። እንደገና ተከለከለ። በኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ መረጡት። ሰው ስለ ፍርድ ቤቱ ብዙ ያወራል፤ እኔን የሚደንቁኝ ግን እነዚህ መራጮች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ያለ ተወካይ ቆይተው እንኳ ሌላ ሰው አላማራቸውም።

በታኅሣሥ 1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9 ለ0 ፈረደለት። ጆርጂያ «ሕግ አውጪ ከተራው ዜጋ የበለጠ ታማኝነት ይጠበቅበታል» ብላ ተከራክራ ነበር። ዳኞቹ ደግሞ የሕዝብ ተወካይ በፖሊሲ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ ሰፊ ነፃነት ሊኖረው ይገባል አሉ። በጥር 1967 ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያስ? ከዚያማ ወሬ የማይሆነው ሥራ መጣ። እስከ 1975 በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያ እስከ 1987 በግዛቱ ሴኔት አገለገለ። ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄዎ ልመለስ፦ ጦርነትና የውጭ ጉዳይ የዋሽንግተን ነው። የግዛት ምክር ቤት የሚጨቃጨቀው ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ግዛቱ ግብርና ስለ ወንጀል ሕግ ነው። የእህትዎን ኑሮ ቶሎ የሚነካውም ይሄኛው ይመስለኛል። የጆርጂያው መደበኛ ጉባኤ በዓመት ከ40 የሥራ ቀን አያልፍም። ስለዚህ አብዛኛው አባል ሌላ መተዳደሪያ አለው። ቦንድም በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ንግግር ያደርግ ነበር።

የምርጫ ክልል ማካለልም የነሱ ሥራ ነው። ቀላል እንዳይመስልዎ! ቦንድ ሴናተር ሳለ፣ አትላንታ ላይ ጥቁሮች የሚበዙበት የኮንግረስ ምርጫ ክልል እንዲኖር አጥብቆ ታገለ፤ ተሳካም። በ1986 ለዚያው ወንበር ራሱ ተወዳደረ። ያሸነፈው ግን የስኒክ ጓደኛው ጆን ሉዊስ ነበር። ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ ዳቦውን የጋገረው ሁሌ አይበላውም። ቦንድ ከዚያ በኋላ አስተማረ፤ ከ1998 እስከ 2010 ደግሞ ኤንኤኤሲፒ የተባለውን አንጋፋ የመብት ድርጅት በሊቀመንበርነት መራ። በ2015 አረፈ።

ዛሬስ? ምክር ቤት የተመራጩን ዕድሜና ነዋሪነት ሊመረምር ይችላል። በሐሳቡ ምክንያት ግን ወንበር ሊከለክለው አይችልም። ገብቶ የተቀመጠን አባል ማባረር ሌላ ጉዳይ ነው። በሚያዝያ 2023 የቴነሲ ግዛት ምክር ቤት፣ አዳራሹ ውስጥ የመሣሪያ ቁጥጥር ጥያቄ አንሥተው ተቃውሞ ያሰሙ ሁለት ወጣት አባላትን አባረረ። የየአካባቢያቸው ምክር ቤቶች በቀናት ውስጥ መልሰው ላኳቸው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሁለቱም በማሟያ ምርጫ አሸነፉ።