መልስ፦ መጽሐፉን ሳላነብ «ሳምዌር ኢን ታይም»ን ልየው?

እህቴ፣ «መጽሐፉን ሳላነብ ፊልሙን ባየው ይበላሽብኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም! እኔም ያስቀደምኩት ፊልሙን ነው፤ አልቆጨኝም።

«ሳምዌር ኢን ታይም» በፍቅር ተነሳስቶ ወደ ኋላ፣ ወደ 1912 እ.ኤ.አ. ስለሚጓዝ ሰው የሚተርክ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሲሆን፣ መነሻው ሪቻርድ ማቲሰን በ1975 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። የፊልም ጽሑፉን የጻፈውም እሱ ራሱ ነው። ልዩነት ግን አለ። በመጽሐፉ ዋናው ገጸ ባሕርይ የአንጎል ዕጢ ያለበት በሽተኛ ነው። ስለዚህ የጊዜ ጉዞው እውነት ይሁን ቅዠት ያጠራጥራል። ፊልሙ ይህን ትቶታል። ፍቅሩን እንድታምኚለት ነው የሚፈልገው፤ እኔ አምኜዋለሁ።

በጣም የምወድለት በጊዜ የሚያጓጉዝ ማሽን የሚባል ነገር የሌለበት መሆኑን ነው። ሰውዬው የድሮ ሱፍ ይለብሳል። አልጋው ላይ ተጋድሞ «አሁን 1912 ነው» እያለ ራሱን ለማሳመን ይታገላል። አልሆን ይለዋል። ከዚያ የሆቴሉ ጣሪያ ስር ገብቶ አቧራ የጠጡ የእንግዶች መዝገቦችን ያገላብጣል። የ1912ቱ ላይ የገዛ ፊርማውን ያገኛል! እዚህ ጋ ስደርስ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

የተቀረጸው አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን፣ መኪና በማይነዳበት ማኪናክ ደሴት ነው። የድሮው ዘመን ድባብ በደንብ የመጣውም ለዚህ ይመስለኛል። የጆን ባሪ ሙዚቃማ ለብቻው ያስለቅሳል።

ማታ፣ ስልክሽን አርቀሽ እዪው። መጀመሪያ ላይ አንዲት አሮጊት ሰውዬው እጅ ላይ የምታኖርለትን የኪስ ሰዓት ልብ በይ። መጨረሻውን አልነግርሽም።